ልጄ ትሮጣለች፣ ትዘላለች፤ ታዲያ ልቧ ታሟል የተባለው በምን ታውቆ ነው?

ጥያቄው፦ «ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ባለፈው መንፈቅ ትምህርት ቤቷ የመጡ የጤና ባለሙያዎች በእጅ በምትያዝ ትንሽ አልትራሳውንድ የተማሪዎቹን ልብ ሲያዩ ‹ቫልቯ ላይ የሚታይ ነገር አለ› ብለው ወደ ሆስፒታል ላኳት። እዚያም በትልቁ ማሽን ታይታ ጅምር የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው ተባለና በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ታዘዘላት። ልጅቷ ግን አንድም ቀን አመመኝ ብላ አታውቅም፤ ገመድ ስትዘል የሚያስቆማት የለም። ግራ ገብቶኝ ወደ ሌላ ሐኪም ወሰድኋት። በማዳመጫ አዳመጣት፣ ኢሲጂ አነሣት፣ ‹ልቧ ንጹሕ ነው› አለኝ። ማንን ልመን? ጎረቤቶቼ መርፌው ሰው ገድሏል ይላሉ። አያቷ ደግሞ እንጥሏ ይቆረጥ እያሉ ነው። የአባቷ እህት በ27 ዓመቷ በወለደች በሳምንቷ በልብ ሕመም አርፋለች፤ በዘር የመጣ ይሆን? በትልቁ ማሽን የታየችበትን የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ውጤቷን አያይዣለሁ።»

መልስ፦

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎትና ምክንያቱን ከኋላ ላስከትል። ልጅዎ መርፌውን ትጀምር። የላኩልኝን የኢኮ ውጤት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ለጥርጣሬ በር የሚከፍት ነገር አላገኘሁበትም። ሁለተኛው ሐኪምም ቢሆን አልዋሸዎትም፤ የሰማውን ነው የነገረዎት። እኔና እሱ የምንለያየው ያልሰማውን እንደሌለ መቁጠሩ ላይ ነው።

በኢሲጂው ልጀምር፤ ብዙ ወላጅ የሚታለለው እዚያ ላይ ነውና። ኢሲጂ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። የልብ ምት ሥርዓቱን ሲስት፣ የልብ ጡንቻ ደም ሲያጥረው ወይም ከመጠን በላይ ሲወፍር ብዙ ይናገራል። ስለ ቫልቭ ግን የሚያውቀው በወሬ ነው፤ ቫልቩ ተበላሽቶ፣ ልብም ጫናውን ለመቋቋም ሰፍቶ ካለቀ በኋላ ነው ጭምጭምታው የሚደርሰው። ቫልቮች የልብ በሮች ናቸው። የመብራት ቆጣሪው በትክክል ስለቆጠረ የበሩ ማጠፊያ ደህና ነው አይባልም። ያችን ሮዝ ካሬ ያላትን ወረቀት አጥፈው በቦርሳቸው ይዘው «ይኸው፣ ነጻ ናት ተብላለች» እያሉ ወደ ክፍሌ የሚገቡ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው፤ ወረቀቷን ተቀብዬ አያለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ከዚያ ኢኮ አዝዛለሁ።

ማዳመጫው ከኢሲጂ ይሻላል፤ ቢያንስ በሩ ሲንቋረር ይሰማል። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 ፓሪስ ውስጥ ወረቀት ጠቅልሎ በአንዲት ወጣት ሴት ደረት ላይ ካስቀመጠበት ቀን ጀምሮ፣ ሐኪም የልብን ቫልቭ የሚያውቀው በድምፅ ነበር። ደም መሄድ በሌለበት አቅጣጫ ሲመለስ ይሽከረከራል፣ ሲሽከረከርም ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ይሰጣል። ነገር ግን የሚመለሰው ደም ጥቂት ሲሆን ድምፁም እጅግ ቀጭን ነው። በተለይ ከመጠበቂያው ክፍል የሕፃናት ለቅሶ እየመጣ፣ ከውጭ መኪና እየጮኸ፣ ሠላሳ ሕመምተኛ ተራ እየጠበቀ ያንን ድምፅ መያዝ ለእኔም ከባድ ነው። ከሃያ ዓመት ልምድ በኋላ እንኳ።

ምን ያህል እንደሚያመልጠን በቁጥር የታየው እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ነው። ተመራማሪዎች በሞዛምቢክና በካምቦዲያ ትምህርት ቤት እየገቡ ልጆቹን መጀመሪያ በማዳመጫ፣ ቀጥሎም በኢኮ አዩ። ሞዛምቢክ ውስጥ ከ2,170 ልጆች መካከል በማዳመጫ ተጠርጥሮ በኢኮ የተረጋገጠላቸው 5 ብቻ ነበሩ። ኢኮው ራሱ ያገኘው ግን 66 ነው። በካምቦዲያም ከ3,677 ልጆች በማዳመጫ 8፣ በኢኮ 79። ሞዛምቢክ ውስጥ 61 ልጆች «ንጹሕ ናችሁ» ተብለው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ይችሉ ነበር ማለት ነው፤ ልክ እንደ ልጅዎ ገመድ የሚዘሉ ልጆች። በእኛም አገር ትምህርት ቤቶች ውስጥ በኢኮ በተደረገ ፍተሻ ከ1,000 ተማሪዎች ወደ 20 በሚጠጉት ላይ በሽታው ታይቷል። ልጅዎ 50 ተማሪ ባለበት ክፍል የምትማር ከሆነ ከክፍሉ አንድ ልጅ መሆኑ ነው። እርስዎ ልዩ መከራ ደረሰብኝ ብለው እንዳያስቡ ነው ይህን የምነግርዎት።

አንድ ነገር በዚህ ላይ ልጨምር፤ ጠቃሚ ስለሆነ ሳይሆን ደስ ስለሚለኝ። የልብ አልትራሳውንድ የተፈለሰፈው በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው። በስዊድን ሉንድ ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪም ኢንገ ኤድለር ሚትራል የተባለው ቫልቭ የጠበባቸው ሕሙማን ቀዶ ሕክምና ሳይደረግላቸው በፊት ውስጡን ለማየት ይፈልግ ነበር። ሄልሙት ኸርትስ ከተባለ የፊዚክስ ባለሙያ ጋር ሆኖ፣ ማልመ በሚገኝ የመርከብ ፋብሪካ ብረት ውስጥ ስንጥቅ መኖሩን በድምፅ ሞገድ የሚፈትሹበትን ዓይነት ማሽን ተዋሰና እ.ኤ.አ. በ1953 የልብን ግድግዳ እንቅስቃሴ መዘገበ። የመርከብ ብረት መፈተሻ ነበር፤ ዛሬ ስልክ የምታህል ሆና ልጅዎ ትምህርት ቤት ደረሰች።

አሁን ወደ ተቃራኒው ስጋት ልምጣ። ኢኮ የማያመልጠው ከሆነ ደግሞ የሌለውን እንዳያይስ? ይህ ተገቢ ስጋት ነው። በእጅ የምትያዘዋ መሣሪያ ሥራዋ ማጣራት ነው፤ በእሷ ብቻ ተመርኩዞ መርፌ የሚጀምር ሐኪም ካለ እኔ አልስማማም። ጤነኛ ልጅ ላይም ቢሆን በቫልቮቹ መካከል ጥቂት ደም ተመልሶ ሊታይ ይችላል። በሰሜን ዩጋንዳ በተደረገ ሰፊ ፍተሻ 102,200 ልጆችና ወጣቶች ታይተው በመጀመሪያው ዙር የተጠረጠሩት 3,327 ነበሩ። በባለሙያ ዓይን ተደግሞ ታይቶ ምርመራው የጸናላቸውና ወደ ቀጣዩ ጥናት ለመግባት ብቁ የሆኑት 926 ናቸው። ስለዚህ እኔ ዘንድ «ትምህርት ቤት ታይታ ነው» ብቻ ብለው መጥተው ቢሆን ኖሮ መልሴ «መጀመሪያ ትደገም» ይሆን ነበር። ልጅዎ ግን ተደግማለች።

የተደገመው ምርመራ ምን ይላል? የላኩልኝ ወረቀት ላይ ያሉትን መስመሮች አብረን እናንብባቸው።

«ወደ ኋላ የሚመለሰው ደም ርዝመት 2.4 ሴንቲ ሜትር፣ ከሁለት አቅጣጫ የታየ፣ ልብ በምትጨመቅበት ጊዜ ሁሉ የሚዘልቅ» ይላል። የዓለም የልብ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መለኪያ፣ በሚትራል ቫልቭ በኩል የሚመለሰው ደም የበሽታ ነው የሚባለው ቢያንስ ከአንድ አቅጣጫ 2 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ፣ ከሁለት አቅጣጫ ሲታይ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሜትር ሲደርስና ልብ በምትጨመቅበት ጊዜ ሙሉ ሲቆይ ነው። አራቱም መሟላት አለባቸው። ሁለት ሴንቲ ሜትር የአውራ ጣትዎ ጥፍር ያህል መሆኑ ነው። ሆስፒታሉ ፍጥነቱንም ጨምሮ አራቱንም ለክቶ ጽፏል፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ሁልጊዜ አላገኝም።

ቀጥሎ «የፊተኛው ክፍል ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር» ይላል። በልጅነት ይህ የቫልቭ ክፍል እንደ ስስ ሻሽ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ወፍሯል ይባላል። በመጨረሻም «ጫፉ በነጻነት አይንቀሳቀስም፣ ሲከፈት ይታጠፋል» ይላል። ይህንን መታጠፍ ፈረንጆቹ በበረዶ ላይ በሚጫወቱበት ዱላ ይመስሉታል። እኔ ተማሪዎቼን ሳስተምር የገና ዱላ ነው የምላቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል፣ ደግመውም አይረሱትም።

ደም መመለሱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ፣ የቫልቩ መልክ ሳይለወጥ፣ እንጠብቅና ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና እንያት እል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2023 የተሻሻለው መለኪያ በሽታውን በአራት ደረጃ ከፍሎ የመጀመሪያውን ደረጃ እንዲያ ነው የሚያየው። የልጅዎ ቫልቭ ግን ይመልሳል፣ ወፍሯል፣ ታጥፏልም። ይህ ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ ቀላል ቢሆንም የመባባስ ዕድል ያለው። የልቧ ክፍሎች መጠን ደህና ነው፣ የመጨመቅ ኃይሏም ሙሉ ነው። ገመድ የምትዘለው ለዚህ ነው።

ቫልቩ እንዲህ የሆነበትን መንገድ ባጭሩ ልንገርዎት። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ጉሮሮ ያማል። ሰውነት ይዋጋዋል። በአንዳንድ ልጆች ላይ ግን ሰውነት ለባክቴሪያው ያዘጋጀው መሣሪያ የራሱን የልብ ቫልቭም ይመታል፤ የሁለቱ አካል በከፊል ስለሚመሳሰል። አንዳንዴ ልጁ በትኩሳትና በቁርጥማት ይወድቃል፤ ጉልበቱ ያብጥና ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱ ይተካል፤ ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። አንዳንዴ ደግሞ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። በልጅዎ ላይ የሆነው ሁለተኛው ይመስላል። ልብን የሚያፈርሰው መመላለሱ ነው። የጉሮሮ ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር ሰውነት ያንኑ ስህተት ይደግማል፣ ቫልቩም በጠባሳ ላይ ጠባሳ ይጨምራል። መርፌው የቆየውን ጠባሳ አይፍቅም። ሥራው ባክቴሪያው እንዳይመለስ በር መዝጋት ነው።

ጥሩ፤ ታዲያ ምንም ለማያማት ልጅ ይህን ማድረግ ይጠቅማል ወይ? እ.ኤ.አ. እስከ 2021 ድረስ ይህን ቢጠይቁኝ ኖሮ በሐሳብ እንጂ በማስረጃ አልመልስልዎትም ነበር። ትኩሳቱና ቁርጥማቱ ለያዛቸው ልጆች መርፌው እንደሚጠቅም ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በፊት ታውቋል። ምንም ሳይሰማቸው በኢኮ ብቻ የተገኙትን በተመለከተ ግን ሐኪሞች ለሁለት ተከፍለን እንከራከር ነበር። እኔ ራሴ «እንጠብቅ» ከሚሉት ወገን ነበርኩ፤ ጤነኛ ልጅን በየወሩ መውጋት ይከብደኝ ነበር።

ክርክሩን የለወጠው ቅድም ያነሣሁት የዩጋንዳ ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ፣ በኢኮ ብቻ የተገኘ ጅምር በሽታ ያለባቸው ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በየ4 ሳምንቱ ፔኒሲሊን ተወጉ፣ ግማሾቹ አልተወጉም። ከ2 ዓመት በኋላ የሁሉም ልብ በኢኮ ታየ፤ ምስሉን የሚያነቡት ባለሙያዎች የትኛው ልጅ እንደተወጋ አያውቁም ነበር። ውጤቱ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ሲታተም የተሰላው በ818 ልጆች ነበር። ካልተወጉት 33ቱ ተባብሶባቸዋል፣ ይህም 8.2 በመቶ ነው። ከተወጉት የተባባሰባቸው 3 ልጆች ናቸው፤ 0.8 በመቶ።

ይህን ቁጥር ሳላጋንን ላንብብልዎት። ካልተወጉትም ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት በ2 ዓመት ውስጥ አልተባባሰባቸውም። ስለዚህ «ካልተወጋች ትሞታለች» ያለዎት ሰው ካለ አጋንኗል። ሒሳቡ ሲሠራ አንድን ልጅ ከመባባስ ለማዳን 13 ልጆችን ለ2 ዓመት መውጋት ይጠይቃል፤ 340 መርፌ ገደማ። የሚያዋጣ ነው? እኔ ያዋጣል የምለው ከወዲያ ማዶ ያለውን ስለማውቀው ነው። ቫልቩ ከተበላሸ በኋላ መርፌ አይመልሰውም፤ የሚቀረው በፊኛ ማስፋት ወይም በቀዶ ሕክምና መጠገንና መቀየር ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። የብረት ቫልቭ የገባለት ልጅ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ደም ማቅጠኛ ይወስዳል፤ መጠኑ በደም ምርመራ እየታየ፣ ሲበዛ እየደማ፣ ሲያንስ እየረጋበት። ከዚያ ጋር ሳነጻጽረው 340 መርፌ አይበዛብኝም። ለእርስዎ ልጅ ደግሞ የሚደርሳት በ2 ዓመት 26 ብቻ ነው።

ወደ ጎረቤቶችዎ ልሂድ። «መርፌው ሰው ገድሏል» የሚለው ወሬ ከባዶ አልተነሣም። ፔኒሲሊን ተወግተው ወዲያው የወደቁ፣ ያልተነሡም ሰዎች አሉ። ይህን የሚክድ ባለሙያ አያምኑት። በዚህ ምክንያት መርፌውን ለመውጋት የሚፈሩ ጤና ጣቢያዎች እንዳሉም ከሕመምተኞቼ እሰማለሁ። የሞቱ ምክንያት ሁልጊዜ አለርጂ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ያወጣው ምክር ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ሪፖርት ከተደረጉት ሰዎች አብዛኞቹ ቫልቫቸው ክፉኛ የተጎዳ ነበር፤ የሞቱበትም ሁኔታ ከአለርጂ ይልቅ የደም ግፊት በድንገት ወርዶ የደከመ ልብ መቋቋም ያቃተው ይመስላል። ሕመም፣ ድንጋጤ፣ ባዶ ሆድ፤ ጤነኛ ሰውም በመርፌ ራሱን ይስታል፣ ልቡ ግን ያነሣዋል። ስለዚህ ማኅበሩ ቫልቫቸው በጣም የጠበበ ወይም በጣም የሚያፈስ፣ ልባቸው የደከመ ሰዎች በመርፌው ፋንታ የሚዋጥ ፔኒሲሊን እንዲወስዱ መክሯል። የልጅዎ ልብ ከእነዚህ ውስጥ አይደለም። በዩጋንዳው ጥናት በ2 ዓመት ውስጥ ከተሰጡት በሺዎች የሚቆጠሩ መርፌዎች መካከል የታየው አናፊላክሲስ የተባለው ብርቱ አለርጂ አንድ ነው፤ እሱም ቀላል ነበር።

ቢሆንም ጥንቃቄው ለእሷም ይጠቅማታል። በመርፌው ቀን ቁርስ በልታ፣ ውኃ ጠጥታ ትሂድ። ጾም ቢሆንም። ተቀምጣ ሳይሆን ተኝታ ትወጋ። መድኃኒቱ ዱቄት ነው፤ በውኃ ሲበጠበጥ ወተት የመሰለ ወፍራም ፈሳሽ ይሆናል፣ በደንብ ካልተበጠበጠ መርፌውን ይደፍነዋል። ነርሷ ብልቃጡን በመዳፏ መካከል ይዛ ስታሞቀው፣ ከዚያም ቀስ ብላ ስትገፋው ካዩ እጇን የታደለች ባለሙያ አግኝተዋል፤ ስሟን ይያዙ፣ በሚቀጥለውም እሷው ዘንድ ይሂዱ። ሕመሙን የሚያደነዝዝ መድኃኒት አብሮ መቀላቀል እንደሚቻልም ይጠይቋት። መርፌው በጡንቻ እንጂ ከቶ በደም ሥር አይሰጥም። ከተወጋች በኋላ ግማሽ ሰዓት እዚያው ትቆይ፤ ክፍሉ ውስጥ ለብርቱ አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን መኖሩን ጠይቀው ያረጋግጡ። ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን ወስዳ ሰውነቷ አሳክኳት፣ ፊቷ አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሯት ከነበረ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ይናገሩ። ኤሪትሮማይሲን የመሰለ ሌላ አማራጭ አለ።

የአያቷን ነገር በአክብሮት እንመልስላቸው። እንጥል ማስቆረጥም ሆነ ቶንሲል ማስቧጠጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም። የማይጸዳ ምላጭ ግን ደም ማፍሰስንና ሌላ በሽታን ያመጣል። አያትየው ግን አንድ ትክክለኛ ነገር ጠርጥረዋል፤ ጣጣው ከጉሮሮ እንደሚጀምር። ይህን እውቀታቸውን ይጠቀሙበት። ከቤት ልጆች አንዱ ጉሮሮውን ሲያመውና ሲያተኩሰው፣ ሳልና ንፍጥ ሳይኖረው ሲቀር፣ በመጀመሪያ የሚያዩት እሳቸው ናቸውና ወደ ጤና ጣቢያ የመላክ ኃላፊነቱን ለእሳቸው ይስጧቸው። ሕመሙ ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠ የሩማቲክ ትኩሳትን ማስቀረት ይቻላል፤ ይህ ከሰባ ዓመት በፊት በአሜሪካ ወታደሮች ላይ ተፈትኖ የታወቀ ነው።

ስለ አክስቷ ነፍስ ይማር። ታሪኳ ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ አለመሆኑም ያሳዝነኛል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን በተደረገ አንድ ትልቅ ምዝገባ ከ3,300 በላይ የሩማቲክ የልብ ሕሙማን ተመዝግበው ነበር። መካከለኛ ዕድሜያቸው 28 ዓመት ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። በ2 ዓመት ውስጥ 17 በመቶ ገደማ ሞቱ። ከሴቶቹ ብዙዎቹ የመውለጃ ዕድሜ ላይ ነበሩ፤ ከእነዚህም መካከል የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት ከመቶ 4 እንኳ አይሞሉም። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም በግማሽ ያህል ይጨምራል። ለዓመታት ድምፅ ሳያሰማ የጠበበ ቫልቭ ያን ጊዜ ነው የሚጋለጠው፤ በምጥና ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት። ሰው «አራስ ሆና ሞተች» ይላል። አክስቷም ኢኮ ተነሥታ ባታውቅ አይገርመኝም።

በዘር ነው ወይ? በሽታው እንደ ዓይን ቀለም አይወረስም። ሰውነት ለባክቴሪያው የሚሰጠው ያ የተሳሳተ ምላሽ ግን በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ይበዛል፤ በአንድ ክፍል ተጨናንቆ ማደርም ባክቴሪያውን ከልጅ ወደ ልጅ ያዛምታል። ሁለቱን መለየት ይከብዳል፣ ለእርስዎም ውሳኔ ለውጥ አያመጣም። የሚደረገው አንድ ነው፤ ወንድሞቿና እህቶቿም አንድ ጊዜ ኢኮ ይታዩ።

ልጅዎን እንደ ሕመምተኛ አያኑሯት። ገመዷን ትዝለል፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜም አይቅርባት፤ በዚህ ደረጃ ላይ መከልከል ምንም አይጠቅማትም። ጥርሷን በደንብ ታጽዳ፤ ከተበላሸ ጥርስ የሚነሣ ባክቴሪያ የተጎዳ ቫልቭ ላይ ማረፍ ይወዳልና። ቤት ውስጥ «ለትዳር አትሆንም» የሚል ሹክሹክታ ከተነሣ ገና ከጅምሩ ይቁረጡት። በዚህ ደረጃ ላይ ያለች ሴት ሐኪም እየተከታተላት ትወልዳለች። አክስቷን የጎዳት አለመታወቁ ነው።

ሦስት ነገር ካዩ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ትኩሳት ከሚዘዋወር የመገጣጠሚያ ሕመም ጋር፤ ደረጃ ስትወጣ ወይም ስትተኛ የሚያጥር ትንፋሽ፤ ሦስተኛው ደግሞ ብዙ እናት እንደ ቅብጠት የምትቆጥረው ነው፤ እጇ ያለ ፈቃዷ ይወራጫል፣ ስኒ ከእጇ ይወድቃል፣ ፊደሏ በድንገት ይበላሻል፣ አስተማሪዋም «አርፈሽ ተቀመጪ» እያለች ትቆጣታለች። ይህም የሩማቲክ ትኩሳት ምልክት ነው።

ኢኮዋ በዓመት አንድ ጊዜ ይደገም፤ የተቻለ እንደሆነ በዚያው ሆስፒታል፣ ምስሎቹ እንዲነጻጸሩ። 2 ዓመት ሲሞላት ከሐኪሟ ጋር ቁጭ ብለው ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን ይነጋገሩ። ቫልቩ ከተሻሻለ ሊቆም ይችላል፤ ባለበት ካለ ወይም ከተባባሰ ዓመቱ ይረዝማል። ይህን ለልጅቷም ይንገሯት፤ 11 ዓመት ለምን እንደምትወጋ ለማወቅ ትንሽ ዕድሜ አይደለም። ካወቀች ቀኑን ራሷ ታስታውሰዎታለች።

ቀኑን ካነሣሁ አይቀር፣ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቅ የሚሳሳትበትን ልንገርዎት። ሐኪሙ «በየ4 ሳምንቱ» ሲል ወላጅ «በየወሩ» ብሎ ይሰማል። ከዚያ «መድኃኔዓለም ሲሆን» ወይም «ገብርኤል ሲሆን» ብሎ ይይዘዋል። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ 4 ሳምንት 28 ቀን ነው። በየወሩ ሁለት ቀን ይሸሻል፣ ጳጉሜን ሲጨመር ደግሞ ይብሳል፤ በዓመት 13 መሆን የነበረበት መርፌ 12 ይሆናል። ፔኒሲሊኑ በደም ውስጥ በአራተኛው ሳምንት እየመነመነ ስለሚሄድ እነዚያ የተረፉት ቀናት ልቧ ያለ ዘበኛ የምታድርባቸው ናቸው። በወር ቀን ሳይሆን በሳምንት ቀን ይቁጠሩት። የመጀመሪያው መርፌ ማክሰኞ ከሆነ ሁልጊዜ ማክሰኞ ነው፤ ሦስት ማክሰኞ አልፎ አራተኛው።